ሚዳቋዋና የጋሽ ግርማ ፓራፋንጎ

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሚዳቋዋስ ተረፈች?» ብለው ነው። ተርፋለች። ዞር ብላ እንኳን አላየችንም። ስለዚህ እሷን ተዉአትና እኛን ስሙን፤ ጭንቅ ውስጥ የገባነው እኛ ነን።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ስቶክሆልም ከገባሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ፊቲያ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የኪራይ ፎቆች ባንዱ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ነበረኝ። የምሠራው ሻርሆልመን ነው። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርን እናጥባለን፣ ምግብ እናሞቃለን፣ መድኃኒት እንሰጣለን። ሥራውን አልጠላሁትም፤ አሮጊቶቹም ይወዱኝ ነበር። ግን ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ልቤ አብሮኝ አይነሣም። ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

የተወለድኩት ናዝሬት ነው። አባቴ ባትላሜራ ነበር፤ ተጋጭቶ የተጨራመተ መኪና ቀጥቅጦ ወደ ቦታው የሚመልስ። ወንድም ስላልነበረኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። እሱ ከውጭ ሲመታ እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ከኋላ ብረት እደግፍለታለሁ። ሲቆይ መዶሻውንም ሰጠኝ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ በመዳፍሽ ዳብሺው፤ ዓይን ያታልላል» ይለኝ ነበር። ልጅነቴ አልፎ ኮረዳ መሆን ስጀምር ግን እናቴ አንድ ቀን ግቢው መሃል ቆማ፣ «በቃ! ይሄ እጅ የማን እጅ ሊሆን ነው? ነገ ማን ያገባታል?» አለች። አባቴ መዶሻውን ከእጄ ተቀበለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢው ውስጥ ሥራ አልነካሁም። ስዊድን ስገባም የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ውስጥ «ምን ሙያ አለሽ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኩ። እየዋሸሁ እንደነበር እንኳን አልታወቀኝም።

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ተፈራ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ባቡር የሚያጸዳ፣ ዝምተኛ፣ ቸር ሰው። ከአገር ሲወጣ ሚስቱ ውብነሽ እርጉዝ ነበረች፤ ወንዱ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ይል ነበር። የተወለደችውን ሴት ልጁን አይቷት አያውቅም። ቤተሰቡን ለማስመጣት ያቀረበው ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ውድቅ ተደረገበት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወሬው ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ለውብነሽ «አይምሰልሽ፣ ሌላ አግብቷል፤ ለዚህ ነው የሚያጓትተው» እያሉ ጆሮዋን አሳመሟት። ስልክ ስትደውልለት ድምፅዋ እየቀዘቀዘ መምጣቱን እሱ ራሱ ነግሮኛል።

በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። የሚደርሱበት ቀን ታወቀ። ተፈራ የስዊድን መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፤ እኔ አለኝ፤ መኪና ግን የለኝም። መኪናውን የሰጡን ጋሽ ግርማ ናቸው። ጋሽ ግርማ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ያቺን ሰማያዊ ቮልቮአቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ሙሽራ ያጥቧታል። ውስጧ ብስኩት መብላት ክልክል ነው። ቁልፉን ሲሰጡኝ እጃቸው ትንሽ ዘገየ።

«ቤተሰብ ማገናኘት ነውና እምቢ አልልም» አሉኝ። «ግን አስካለ፣ እንደ ዓይንሽ ብሌን።»

«አይስጉ፣ ጋሽ ግርማ። እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ተፈራ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ጭኑ ላይ አበባ ይዟል። መንገዱ ዳር የቆሸሸ በረዶ ተቆልሏል፤ አስፋልቱ ግን ጥቁርና ደረቅ ይመስል ነበር። ከተማውን ለቀን ወደ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ጥዱ ግራና ቀኝ ሲገጥም፣ ተፈራ «ምን ብዬ ነው የምቀበላት?» አለኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ትላታለሃ።»

«እሱማ ለእንግዳም ይባላል።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሚዳቋዋ ከጥዱ ውስጥ ተወንጭፋ ወጣች። ፍሬን ያዝኩ። ጎማው አልያዘም። ደረቅ የመሰለኝ አስፋልት ስስ በረዶ ለብሶ ኖሯል። መኪናዋ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ እንደ ጀልባ ዞረችና በቀኝ ጉንጯ የመንገዱን ዳር የብረት አጥር መታች። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ቆርቆሮ ሲታጠፍ የሚሰማውን ያንን ድምፅ ግን የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

አበባው እንኳን አልተሰበረም። ወርደን አየን። የቀኝ የፊት ጎማ ላይ ያለው ሽፋን፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለው፣ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ጎማውን ነክሶታል። የፊት መብራቱ ረግፏል። ገብቼ ወደፊት ልንቀሳቀስ ስሞክር ጎማው ጮኸና ጭስ ወጣው። ትንሽ ብገፋበት ይፈነዳል።

ያኔ ሞባይል ስልክ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ተፈራ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ አበባውን እያውለበለበ መኪና ለማስቆም ይዘል ጀመር። ሰዎቹ ደስታ ላይ ያለ መስሏቸው መሰለኝ፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን መልሰው አውለብልበውለት አለፉ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሳይቀበለኝ ቀረ ትላለች፣ አስኩ። ወሬው እውነት ነው ትላለች። ልጆቼን ይዛ በዚያ አዳራሽ ውስጥ...»

እዚያ ቆሜ ፓራፋንጎውን አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ የተበላሸ የሰው ንብረት። ቀጥሎ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጓንቴን አወለቅኩና በመዳፌ ዳበስኩት። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከየት ተመትቶ፣ በየት ተጎትቶ፣ የቱ ጋ እንደታጠፈ በእጄ ገባኝ። የአባቴ ግቢ ውስጥ የቆምኩ ያህል ገባኝ።

«ተፈራ፣ ክሪኩን አውጣልኝ።»

«ጎማ ልትቀይሪ ነው?»

«አውጣልኝ ብዬሃለሁ!»

መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዝኩት፤ ከጎማው ኋላ ትንሽ ክፍተት ተገኘ። ካፖርቴን በረዶው ላይ አንጥፌ ተኛሁ። መኪና ለማንሣት የሚያገለግለውን ክሪክ በጎኑ አጋደምኩት፤ አንዱን ጫፍ ከጠንካራው የመኪናው አጥንት አስደግፌ ሌላውን በታጠፈው ብረት ላይ አሳረፍኩ። ብረቱን እንዳይበሳው የጎማ መፍቻውን ከረጢት አጣጥፌ መሃል ከተትኩ። ከዚያ ማዞር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ብረቱ አቃሰተ። ተፈራ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከውጭ በኩል ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል።

«እየመጣ ነው! አስኩ፣ እየመጣ ነው!»

«አትጮህ፣ ሳብ!»

ክሪኩ አንዴ አፈትልኮ ክንዴን መታኝ። እንባዬ መጣ። እንደገና አስቀመጥኩት፣ ቦታ ቀይሬ። መሃሉን መግፋት እንደሌለብኝ ትዝ አለኝ፤ መጨረሻ የታጠፈውን ጠርዝ መጀመሪያ መልቀቅ አለብኝ። ጠርዙን ስገፋ ድው ብሎ ከጎማው ተላቀቀ። አሁን የቀረው እንደ ቢላ ተስሎ ወደ ጎማው የዞረ አንድ ከንፈር ብቻ ነው። እሱን ለመመለስ መዶሻ ያስፈልጋል። መዶሻ ደግሞ የለንም።

በዚህ መሃል ከኋላችን የሥራ መኪና ቆመ። ከውስጡ ነጭ ፂም ያለው፣ ቱታ የለበሰ ሰው ወረደ። በረዶ ላይ የተጋደመች ጥቁር ሴትና ሙሉ ልብስ ለብሶ የተንበረከከ ሰው አየ። ክሪኩን አየ፣ ፓራፋንጎውን አየ። በፊንላንድኛ ቅላፄ በተቀረጸ ስዊድንኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤

«ምን ያስፈልግሻል?»

«መዶሻ። እና የሚደገፍ እንጨት።»

ሁለቱንም አምጥቶ ሰጠኝ። «እኔ ልሥራው» ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። እንጨቱን ከኋላ አስጠግቼ በትንንሹ መታሁት። ከንፈሩ ወደ ውጭ ተመለሰ። መኪናዋን በክሪኩ አንሥቼ ጎማውን በእጄ አዞርኩት፤ በነፃነት ዞረ።

«የት ተማርሽው?» አለኝ።

«አባቴ ጋ።»

ከመኪናው ካርድ አምጥቶ ሰጠኝ። ስሙ ፔካ ነው፤ ከኪስታ ትንሽ አለፍ ብሎ የመኪና አካል የሚጠግንበት ጋራዥ አለው። «ለቀረው ሥራ ቦታ ከፈለግሽ ነይ» ብሎ ሄደ። ካርዱን ኪሴ ከተትኩ። በዚያች ሰዓት ስለ ጋራዥ የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

አርላንዳ ስንደርስ አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል። ተፈራ እየሮጠ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። መውጫው በር ባዶ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለል ትጠርጋለች። ተፈራ ቆመ። አበባው ከእጁ ዝቅ አለ። «ሄደዋል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ።

«ወዴት ይሄዳሉ? ፈልግ እንጂ!»

ከአንድ ምሰሶ ጀርባ አገኘናቸው። ውብነሽ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻንጣዎቹን እንደ አጥር ዙሪያዋን ደርድራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንዱ ልጅ ጎኗ ተለጥፏል። ትንሿ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ተፈራ ስሟን ጠራ። ቀና አለች። ዓይኗ እሱ ላይ ብዙም አልቆየም፤ ከኋላው የቆምኩትን እኔን አየች። ፀጉሬ ተበትኗል፣ ፊቴ ጥቁር ቅባት ሆኗል፣ ካፖርቴ በጭቃ ርሷል። ተፈራም ጉልበቱ ድረስ በስብሷል።

«ይቺ ማናት?» አለች።

እኔ ልናገር ስል ተፈራ ቀደመኝ። እሱም ተርበተበተ። «ጎረቤቴ ናት... መኪና... ሚዳቋ ገብታብን...» ሲል ነገሩ ሁሉ ውሸት ይመስል ነበር። እኔ ራሴ ብሰማው አላምነውም። ውብነሽ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቄ፣ በመጀመሪያው ቀን ከሴት ጋር መጣህ?»

እኔ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁላት። ጥፍሮቼ ውስጥ ዝገት ገብቷል፤ ክንዴ ላይ ክሪኩ የመታኝ ቦታ አብጧል፤ አንዱ መዳፌ ደምቷል።

«እህቴ፣ ነይ መኪናውን እይው» አልኳት። «ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።»

እጆቼን አገላብጣ አየች። ከዚያ ተነሣች። ተፈራ ሻንጣውን፣ ወንዱ ልጅ አበባውን፣ እኔ የተኛችውን ልጅ ተሸክሜ ወጣን። ውብነሽ መኪናዋ ፊት ቆመች። የረገፈውን መብራት፣ ተጨማዶ የወጣውን ፓራፋንጎ አየች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«ይሄን አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«እሱ ከውጭ እየሳበ፣ እኔ ከውስጥ እየገፋሁ።»

«እኛ ጋ ለመድረስ?»

«ሌላ ለምን በረዶ ላይ እተኛለሁ?»

ሳቋ ወይስ ለቅሶዋ፣ የትኛው እንደቀደመ አላወቅኩም። ዞራ ባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ትንሿ ልጅ በዚያ ድምፅ ትከሻዬ ላይ ነቃችና ዙሪያውን አየች። ግራ ተጋብታ፣ «አባዬ የቱ ነው?» አለች። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሌላ ወንድ አልነበረም፤ ወንድሟ ግን በአበባው እየጠቆመ በቁም ነገር አሳያት።

መንገዱን ሁሉ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከኋላዬ ሦስቱ በአንዴ ያወራሉ፤ ተፈራ ዞሮ አንገቱ እስኪያመው ያያቸዋል። እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱን ረስቶታል።

ፊቲያ አድርሻቸው ብቻዬን ስቀር የጋሽ ግርማ ነገር መጣብኝ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ወርደው መኪናቸውን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሬሳ ፊት የቆሙ ይመስሉ ነበር።

«ሰው ተርፏል» አሉ በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ይመስገን።» ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና፣ «እንግዲህ አሮጌ ናት፤ ለማሠራት የሚጠይቁት ከእሷ ዋጋ ይበልጣል። ወደ መጣያው መውሰድ ነው» አሉ።

«እኔ እሠራታለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ካልወደዱት ያኔ ይጣሏት።»

ፊቴን አጥንተው አዩት። ምን እንዳዩበት አላውቅም፤ ቁልፉን መልሰው ሰጡኝ።

የፔካን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ በዚያው ወደ ጋራዡ ነዳሁ። ሥራ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ፔካ አንድ ጥግ አሳየኝ፣ መዶሻዎቹን አሳየኝ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፓራፋንጎውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። መጀመሪያ ትልቁን ጉድጓድ፣ ቀጥሎ ትንንሹን ስርጉድ። ምት፣ ዳበሳ፣ ምት፣ ዳበሳ። ስንት ዓመት ሙሉ የማላውቀው ዝምታ ውስጥ ገባሁ። ምሳ መብላትም ረሳሁ።

በሁለተኛው ቀን ግን ጉድ መጣ። መሃሉ ላይ ብረቱ ከልክ በላይ ተለጥጦ ኖሮ፣ በጣቴ ስጫነው «ጭብ» ብሎ ይገባል፣ ስለቀው «ጭብ» ብሎ ይወጣል። የቆርቆሮ ክዳን ሆነ። በመታሁት ቁጥር ይብሳል። ፔካ መጥቶ ተጫነው።

«አዲስ ማዘዝ ይቻላል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያሳርፈኝ ነው።

«አንድ ጊዜ ልሞክር። እሳት አለህ?»

አባቴ እንዲህ ያለውን በእሳት ሲሰበስብ አይቻለሁ፤ ራሴ ግን ሠርቼው አላውቅም፤ ሕፃን ነሽ ብሎ አያስነካኝም ነበር። ፔካ የእሳቱን ቱቦ አቀበለኝ። ትንሽ ነጥብ ቀይ እስክትሆን አጋልኩ፣ ዙሪያዋን ቀስ ብዬ መታሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጫንኩባት። እንፋሎት ወጣ። ሌላ ነጥብ። ሌላ ነጥብ። ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ፔካ በአገጩ «ንኪው» አለኝ።

ተጫንኩት። አልገባም። እንደገና በርትቼ ተጫንኩት። ጠንካራ ነው። ጸጥ ብሏል።

ፔካ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደና ትኩስ ቡና በፕላስቲክ ኩባያ ይዞልኝ መጣ። የቀረው ትዕግሥት ነው፤ መዶሻው ያላስተካከለውን የሚሸፍን ስስ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ቀለሙን ፔካ ራሱ በጠበጠው፤ አቀባቡንም አሳየኝ። ከወዳደቁ መኪናዎች መሃል መብራትም ፈልጎ ገጠመልኝ።

ጋሽ ግርማ ሊያዩ የመጡ ቀን ከጋራዡ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አቁሜላቸው ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ። ከፊት ጀምረው በቀኝ በኩል ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው በብርሃኑ አሻግረው አዩ፣ ኮፈኑን ዳበሱ፤ ዞረው በግራ በኩል መጡ። እንደገና ዞሩ።

«አስካለ» አሉ። «በየትኛው በኩል ነበር?»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ደንግጠው «ምን አልኩ? ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ?» እያሉ ፔካን በአማርኛ ይጠይቁታል። ፔካ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ገብቶታል። እኔ ስረጋጋ ጠብቆ፣ «ለመሆኑ ሰኞ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ናዝሬት ደወልኩ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሚዳቋዋን፣ ክሪኩን፣ እሳቱን። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ስቱኮ አብዝተሻል?» አለኝ።

«እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፣ አባባ።»

«ጎሽ» አለ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ አቀበላት። እናቴ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ይበርዳል ወይ፣ ይከፍላሉ ወይ፣ ጓንት ይሰጣሉ ወይ። ስለ ባል አልጠየቀችኝም። ልትዘጋው ስትል «እጅሽን ቅባት ቀቢው እሺ፣ ልጄ» አለችኝ። ለእኔ ያ ምርቃት ነበር።

ፔካ ዘንድ በፕራክቲክ፣ ማለትም በሥራ ልምምድ፣ ጀመርኩ፤ ቆይቶ ቀጠረኝ። ሥራውን የሚመለከተውን ትምህርትም ማታ ማታ ተምሬ ወረቀቱን ያዝኩ። የሻርሆልመን አሮጊቶቼን ስሰናበት አንዷ «መኪና? አንቺ?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች፤ ከዚያ የልጇን መኪና ለጥገና ላከችልኝ። ተፈራ ደግሞ አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሞ «እግዚአብሔር ሚዳቋ ላከልን» ብሎ መሰከረ። ሁሉም እልል ሲል ጋሽ ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በሚቀጥለው በሌላ ሰው መኪና ላይ ይላክ» አሉኝ።

እኔ ሚዳቋዋ ተልካለች ወይ አልተላከችም ብዬ አልከራከርም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ምን ታውቂያለሽ ሲለኝ «ምንም» እል ነበር፤ ያንን «ምንም» ማንም ስዊድናዊ አልሰጠኝም፤ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሰው አገር አዲስ ሕይወት የጀመራችሁ፣ እዚያው አገራችሁም ያላችሁ፣ እጃችሁ የሚያውቀውና አፋችሁ የማይናገረው ሥራ የላችሁም ወይ? አናጺነት ይሁን፣ ልብስ መቁረጥ ይሁን፣ የሰው ቁስል ማከም ይሁን። የማያስከብር ነው ተብላችሁ፣ ወይም ለእናንተ አይሆንም ተብላችሁ ያስቀመጣችሁት። ያንን ነገር ስሙን ጠርታችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። አጥር ላይ እስክትጋጩ አትጠብቁ፤ ያማል።

አሁን ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ልቤ ቀድሞኝ ተነሥቶ ጫማውን እየፈለገ ነው።